የአርካዊቱ ከንቲባ፣ የአቶ ጀምበሬ ይርዳው ዜና ሕይወት

ከካርቱም ሰፈሮች ሁሉ፣ ከአርካዊትና ከጣኢፍ፣ ከማንሺያና ከወንዙ ማዶ ሥራችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም አሠሪዎቻችሁን ለምናችሁ በጭንቅ ፈቃድ አግኝታችሁ እዚህ የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ መተማን አቋርጣችሁ ከሀገር ቤት የደረሳችሁ ዘመዶች፣ ከእኛ ጋር እኩል የቆማችሁ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችንም፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የአቶ ጀምበሬን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝሁት የባለቤታቸው ወንድምና የዕድራችን ምክትል ዳኛ የሆንሁት ሻምበል ነኝ። አሳጥር ተብያለሁ፤ ነገር ግን እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ማንንም በአጭሩ ጠይቀው የለቀቁ ሰው አልነበሩምና ዛሬ እኔም ጥቂት ባስቆማችሁ አትቀየሙኝ።

አቶ ጀምበሬ ከአባታቸው ከአቶ ይርዳው ቢያድግልኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ አንጓች መኮንን በ1946 ዓ.ም. በጎንደር ክፍለ ሀገር በጭልጋ አውራጃ ተወልደው ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ክርስትና ተነሡ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደብራቸው ካሉት የኔታ ዘንድ ገብተው ፊደል ቆጥረው ዳዊት እስከ መድገም የደረሱ ሲሆን፣ ወንድማቸው አቶ ውብሸት እንደ ነገሩን ዳዊቱን ከመድገም ይልቅ ዳዊት የጻፈበት ቀለም ከምን እንደ ተበጠበጠ፣ ብራናውንም ማን እንደ ፋቀለት እየጠየቁ የኔታን መግቢያ መውጫ ያሳጧቸው ነበር። የኔታም በመጨረሻ ለአባታቸው «ይህ ልጅ ወይ ይጰጵሳል፣ ወይ ይሰደዳል» ብለው እንደ ተናገሩ ይወራል። ከዚያም በአይከል ከተማ ዘመናዊ ትምህርት ጀምረው ስምንተኛ ክፍል እንደ ደረሱ ጊዜው ሲከፋና ወጣት መሆን ራሱ ወንጀል ሲሆን፣ በ1970 ዓ.ም. ከጓደኞቻቸው ጋር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደዱ። የኔታ ከሁለቱ አንዱን አልሳቱም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በገዳሪፍ እርሻ ሰሊጥ ሲያጭዱ ቆይተው ወደ ካርቱም ከዘለቁ በኋላ፣ ኡስታ ባቢክር ከሚባሉ ሱዳናዊ ባለሙያ እጅ ሙከይፍ የምንለውን፣ በውሃና በሣር ንጣፍ የሚሠራውን የቤት ማቀዝቀዣ መጠገን ተማሩ። በካርቱም በጋ ሙከይፍ የተበላሸበት ሰው በሩን ለማን እንደሚከፍት አይመርጥም፤ ስለዚህም አቶ ጀምበሬ ሌላ ሐበሻ ከውጭ አጥሩን ብቻ የሚያውቀውን የማንሺያን ትልልቅ ግቢ ሁሉ በየጣራው ላይ ሆነው ያውቁት ነበር። በእነዚያ ግቢዎች ውስጥ ወር ከወር ደጅ ሳይረግጡ የሚሠሩ እህቶቻችንም የሀገር ሰው ድምፅ የሚሰሙት እርሳቸው የሣሩን ንጣፍ ሊቀይሩ ሲመጡ ነበርና፣ ጣራ ላይ ሆነው ወሬ ሲያቀብሉ፣ መልእክት ሲቀበሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲጠይቁ ይውሉ ነበር። የማን ልጅ እንደ ሆነች፣ በየት በኩል እንደ መጣች፣ የደብሯ ታቦት ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ከጣራ አይወርዱም። ይህ ጥያቄያቸው አንዳንዱን ያስቅ፣ አንዳንዱን ያስፈራ ነበር፤ እኔም ራሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳገኛቸው ሰላይ መስለውኝ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. እህቴን ወይዘሮ ማዘንጊያን በሥርዓት አገቡ። ወግ እንደሚያዝዘው ሽማግሌ ልከው በቤታቸው መጠበቅ ሲገባቸው፣ ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚባሉ ለመስማት ስላላስቻላቸው አብረዋቸው መጥተው በር ላይ ቆመው መገኘታቸውን አባታችን እስኪሞት ድረስ ሲያወራው ኖሯል። ከዚህ ጋብቻ ሚኪያስንና ትንሣኤን ወልደው አሳድገዋል፤ ሁለቱም የካርቱም ልጆች ናቸውና አማርኛቸው በዐረብኛ የተነከረ ቢሆንም፣ ትናንት ሚኪያስ «ያባ፣ ያባ» እያለ ሲያለቅስ ያልገባው ሰው አልነበረም።

የአርካዊት መረዳጃ ዕድራችን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ፣ ኋላም ዳኛው ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው አገልግለዋል። ከንቲባ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሐበሻ አይደለም፤ ከሻ በሚባለው አፈሳ የተያዙ ልጆቻችንን ለማስፈታት በየጊዜው ሲመላለሱ ያያቸው አንድ የፖሊስ ጣቢያ ሹም «ዑምዳው መጣ» እያለ ሲቀልድባቸው፣ የእኛ ሰዎች ሰምተው ወደ አማርኛ መልሰው አጸደቁላቸው። ደመወዝም ማኅተምም የሌለው ከንቲባ ነበሩ። የተጣሉ ደባሎችን ያስታርቃሉ፣ ለሠርግ ሽማግሌ ይመርጣሉ፣ ለወላድ ጠያቂ ያሰማራሉ፣ ለሙት ድንኳን ያስተክላሉ፤ በዚህ ሁሉ መካከል የሰው ነገር አንድም ቀን ሲሰለቻቸው አላየሁም።

ከዚህ ሁሉ ዘመን ግን አንዲቱን ሳምንት ለይቼ ላነሣላችሁ እወዳለሁ፤ ዛሬ በጭልጋ ሳይሆን በዚህ መካነ መቃብር የቆምነው በእርሷ ምክንያት ነውና።

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ወር ውስጥ በጣኢፍ ጫፍ በሚሠራ አንድ ሕንፃ የቀን ሥራ ይሠራ የነበረ ጌታሁን የሚባል ወጣት ወባ ጥሎት ሐኪም ቤት በገባ በማግስቱ ማረፉ ተነገረን። ወጣቱ ሊቢያን አቋርጠው ለመሄድ ስንቅ ከሚያጠራቅሙት፣ ዛሬ አይተናቸው ነገ ከማናያቸው ልጆች አንዱ በመሆኑ የዕድር አባል አልነበረም፤ ደንባችንም አባል ላልሆነ ሰው ድንኳን አይፈቅድም ነበር። አቶ ጀምበሬ ግን ሬሳ ደንብ እስኪሻሻል አይጠብቅም ብለው ድንኳን አስተከሉ፤ የወላጆቹንም ስልክ አፈላልገው ጋይንት ድረስ በሀገሬው ሽማግሌዎች አማካይነት መርዶ አስነገሩ። እናቱም በለቅሶ መካከል የክርስትና ስሙን በስልክ ለቄሳችን ለቀሲስ ጥላዬ ነግረው፣ በዚያ ስም ፍትሐት ተደርጎለት አርብ ዕለት ተቀበረ።

በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ፣ አቧራ የለበሰ አንድ ወጣት ገብቶ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሰው ሲያለቅስ አብሮ አለቀሰ። ቆይቶም አጠገቡ የነበሩትን ወይዘሮ ሙላቷን፣ የዕድራችንን ዕቃ ቤት ኃላፊ ማለቴ ነው፣ «እትዬ፣ ማን ነው የሞተው?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም «ጌታሁን የሚባል የጋይንት ልጅ ነው፤ ምን ዋጋ አለው፣ እንዳንተ ያለ ለግላጋ» ቢሉት፣ ልጁ ብድግ ብሎ «ኧረ ጌታሁንስ እኔ ነኝ!» አለ። ወይዘሮ ሙላቷ ያን ጊዜ ያሰሙት ጩኸት ከለቅሶው ሁሉ በልጦ እንደ ነበር አሁንም ከፊቴ ተቀምጠው እያዩኝ ቢሆንም ሳልናገር አላልፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየሕንፃው ሥራ ሙቃውሉ፣ ማለትም ሥራ ተቋራጩ፣ በየጠዋቱ ስም ይጠራል እንጂ ፊት አያይም። ስለዚህ ልጆቻችን ለጥቂት ቀን ሌላ ሥራ ሲያገኙ ቦታቸው እንዳይወሰድባቸው ሌላ ሐበሻ ይተካሉ፤ ተተኪውም በባለ ቦታው ስም «አቤት» እያለ ይሠራል። ጌታሁን ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ገዳሪፍ ሲሄድ ሲኒያ ከሚባለው፣ የቀን ሠራተኞች ቆመው ከሚጠብቁበት አደባባይ ያገኘውን አንድ ልጅ ተክቶ ነበር። የቀን ሠራተኛ በየጊዜው ስለሚቀያየር አብረውት የሠሩት ሁሉ የሚያውቁት የተጠራበትን ስም ነው፤ የገነዙት ሽማግሌዎች ደግሞ ከነጭራሹ ጌታሁንን አይተውት አያውቁም። የተተኪው ልጅ ስም ማን እንደ ሆነ ጌታሁንን ብንጠይቀው «ወንድሜ ነበር የምለው፤ እሱም ወንድሜ ነበር የሚለኝ» አለን።

አቶ ጀምበሬ ወዲያው ወደ ጋይንት ደወሉ። የጌታሁን እናት የልጃቸውን ድምፅ ቢሰሙም አላመኑም፤ ሕፃን ሳለ ከየትኛው ዛፍ እንደ ወደቀ እስኪነግራቸው ድረስ ሲመረምሩት ቆዩ። ሲያምኑም እልል ብለው፣ ወዲያው ደግሞ እልልታቸውን አቋርጠው «እንግዲህ የእኔስ ተነሣልኝ፤ ያ የቀበራችሁት የማን ነው? እናቱ ሰምታለች?» ብለው ጠየቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲጠይቁ የኖሩት አቶ ጀምበሬ ያን ቀን የተጠየቁትን ይዘው ከድንኳኑ ወጡ።

ቀሲስ ጥላዬ እግዚአብሔር ነፍስን ከነፍስ አያምታታም፣ እኛ ግን በሕይወት ያለውን ፈትተን የሞተውን ሳንፈታ ቀርተናል፤ በሰባተኛው ቀን ጸሎት በገዛ ስሙ ልንጠራው ይገባል ብለው ነበርና፣ ከንቲባው እስከ ሐሙስ የልጁን ስም ሊያገኙ ተነሡ። የዕድሩ ሥራ ግን አልቆመላቸውም። ሰኞ ዕለት በአንድ ክፍል የሚኖሩ ሦስት ሴቶችን የውሃ ማጠራቀሚያ ጠብ ሊያስታርቁ ተቀምጠው፣ እርቁ ሳያልቅ ሦስቱንም ስለ ልጁ ጠየቋቸው። ማክሰኞ ጣቢያ የተያዙ ልጆችን ለማስፈታት ሄደው፣ መዝጊያው እስኪከፈት በፍርግርጉ ውስጥ ጠየቁ፤ ሹሙም «ያ ዑምዳ፣ ለሕያዋን መጣህ ወይስ ለሙታን?» ቢላቸው «ለሁለቱም ነው፣ ኢንሻአላህ» አሉት። ለሠርግ ሽምግልና በሄዱበት ቤት ለሙሽራዋ ወገን ስለ ሙሽራው ሙያ ሊነግሩ ሲገባቸው፣ ገናዦቹ እንደ ነገሯቸው ቁመቱ ረዘም ያለ፣ በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ አይተው እንደ ሆነ ሲጠይቁ እኔ አፈርሁ። በዚያ ሳምንት አብሬያቸው ስዞር፣ ይህ ሁሉ ድካም ለማያውቁት ሰው ለምን እንደ ሆነ ይደንቀኝ ነበር።

መልሱ የተገኘው ረቡዕ ከማንሺያ ጣራ ላይ ነው። አቶ ጀምበሬ በአንድ ግቢ ሙከይፍ ሲጠግኑ በዚያ ቤት የምትሠራውን ፅዮንን እንደ ልማዳቸው ከላይ ሆነው ጠየቋት። ልጅቱ የያዘችውን ልብስ ከገመዱ ላይ ሳትሰቅል ቀረች። ከጎን ባለው ግቢ አጥር ሲገነባ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ በግንቡ ላይ ውሃ ታቀብለው እንደ ነበር፣ የመጨረሻ ቀንም ስቆ «ከነገ ጀምሮ ጌታሁን እሆናለሁ፤ የሰው ቦታ ልጠብቅ ነው» እንዳላት ነገረቻቸው። ስሙን ሲጠይቋት ግን ማልቀስ ጀመረች። «ወላሂ ጋሼ፣ የቤት ስሙን አላውቀውም። ምን ትለኛለች ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። በረሃ ልገባ ነው፣ ለማርያም ስትሄጂ ጧፍ አብሪልኝ ብሎ የክርስትና ስሙን ብቻ ነው የሰጠኝ። ክንፈ ሚካኤል ነው።» ስለ ሀገሩ የነገራት የውርጩ ነገር እንደሚናፍቀው ብቻ ነበር። በዚህ መካከል የቤቱ እመቤት መኪና ስለ ደረሰ «ኸላስ፣ በቃ ጋሼ፣ መጣችብኝ» ብላ ገባች።

ሐሙስ በሰባተኛው ቀን ክንፈ ሚካኤል ተብሎ በገዛ ስሙ ጸሎት ተደረገለት። ቀሲስ ጥላዬም እኛም ደስ አለን፤ አቶ ጀምበሬ ብቻ ደስ አላላቸውም። እግዚአብሔር የሚጠራበት ስም ተገኝቶ እናቱ የምትጠራበት ስም አልተገኘምና፣ በክርስትና ስም ደግሞ መርዶ አይላክም። በደጋው ሁሉ ስንት ክንፈ ሚካኤል አለ?

በማግስቱ አርብ የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። አቶ ጀምበሬ መንገደኞቹ ልጆች ሁሉ ያለ መዋጮ በዕድሩ እንዲመዘገቡ፣ ሲመዘገቡም የክርስትና ስማቸውንና የእናታቸውን ስም እንዲያስይዙ ሐሳብ አቀረቡ። ጉባኤው ተንጫጫ። ወይዘሮ ሙላቷ ተነሥተው፣ ነገ ለሚሄድ ሰው ዛሬ ድንኳን እየተከልን እስከ መቼ እንዘልቃለን፣ እኛስ ብንሞት ሬሳችንን ሀገር የሚያደርስልን ማን ነው ካሉ በኋላ፣ ማንም ሊናገረው ያልደፈረውን ተናገሩ። «ጋሽ ጀምበሬ፣ አንተ እዚህ ላለው መቃብር ትሟገታለህ፤ የራስህን ቦታ ግን ጭልጋ ከእናትህ እግር ሥር አስከልለህ ነው። እውነት ነው ወይስ አይደለም?» እውነት ነበር። የሀገር ቤት ዕድራቸውን አንድም ዓመት ሳያጓድሉ ሲከፍሉ ኖረዋል፤ ለእናታቸውም በእግርዎ ሥር እቀበራለሁ ብለው ቃል ገብተው እንደ ነበር ሁላችን እናውቃለን።

አቶ ጀምበሬም ተነሡ።  እንዲህም አሉ፦ «እንግዲያውስ ስሞት ከዚያ ልጅ አጠገብ ቅበሩኝ። በዚህ ከተማ ቤት የሚፈለገው በምልክት ነው፤ መቃብርም እንደዚያው ይሁን። እናቱ አንድ ቀን ልጄን ብላ ብትመጣ ማንን ብላ ትጠይቃለች? የከንቲባውን መቃብር ካለች ግን ሕፃኑም ያሳያታል። የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል ይባል የለም? እናቴንም ከላይ ሆና ከቃሌ እንድትፈታኝ እለምናታለሁ።» ሐሳቡም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ወይዘሮ ሙላቷም እጃቸውን አወጡ።

አቶ ጀምበሬ ከዚያ ወዲህ የስኳር ሕመማቸው ኩላሊታቸውን ጎድቶት ጣራ መውጣት ቢከለከሉም፣ ሲኒያው አጠገብ ሻይ ከምትሸጠው ከመዲና ዘንድ በጠዋት እየተቀመጡ ከደጋ የመጣውን ሁሉ ክንፈ ሚካኤል የሚባል ልጅ የጠፋባትን እናት ያውቅ እንደ ሆነ ይጠይቁ ነበር። የሚያውቅ አልተገኘም። በየካቲት ወር 2009 ዓ.ም. ሕመሙ ጠንቶባቸው፣ ንስሓ ገብተው፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ በባለቤታቸውና በልጆቻቸው መካከል በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ወንድማቸው አቶ ውብሸት ለእናታቸው የተገባውን ቃል ይዘው፣ በደብሩም ቦታውን አስቆፍረው፣ አስከሬኑን ሊወስዱ ትናንት ደርሰዋል። በሐዘን ላይ ክርክር አስቀያሚ ነው፤ ትናንት ግን ሳንከራከር አልዋልንም፣ እርሳቸውም ባዶ እጄን ተመልሼ በእናቴ መቃብር ፊት እንዴት እቆማለሁ ብለው አለቀሱ። እህቴ ወይዘሮ ማዘንጊያ እጃቸውን ይዛ ወደዚህ ቦታ አመጣቻቸው። አቶ ውብሸት በልጁ መቃብር ፊት ቆመው በድንጋዩ ላይ ያለውን አንድ ስም አነበቡ፤ የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ መሆኑን በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያም ቆፋሪዎቹን ጠርተው እንዲጀምሩ አዘዙ።

አቶ ጀምበሬ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማዘንጊያን፣ ልጆቻቸውን ሚኪያስንና ትንሣኤን፣ ወንድማቸውን አቶ ውብሸትን፣ ዛሬ ማለዳ መጥተው እኔንም ከዚሁ ረድፍ መዝግቡኝ ያሉትን ወይዘሮ ሙላቷን፣ ከጣሪያ በታች የቀሩትን እህቶቻችንን ሁሉ፣ እኛንም የዕድሩን ልጆች ትተው አልፈዋል። ከእኛ ጋር ደግሞ ስሟን የማናውቃት፣ ውርጭ በሚወርድበት በአንድ አገር ልጇ በረሃውን አልፎ የሚደውልላትን ቀን የምትጠብቅ፣ ሐዘንተኛ መሆኗን ገና ያልሰማች አንዲት እናት አለች፤ እርሷንም ከሐዘንተኞቹ ጋር ቁጠሩልን።

የነፍስና የሥጋ ጌታ የባሪያውን የተክለ ጊዮርጊስን ነፍስ፣ ከጎኑም የተኛውን የክንፈ ሚካኤልን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያሳርፍልን። ለእኛ መጽናናትን ይስጠን። ለዚያች እናት ደግሞ መርዶው በደረሰባት ቀን ብቻዋን አያግኛት። አሜን።